ውኃ ዳር ጥርስ አይገለጥም

አንድ ጊዜ፣ መንገደኛ ጥላ ፍለጋ በማይባዝንበት ዘመን፣ ዝግባ አፋፍ በሚባል ተራራ ላይ አንድ ምንጭ ነበር። ምንጩ ከትልቅ ሾላ ሥር ይፈልቅና መጀመሪያ አውሬውን ያጠጣል፤ ከዚያ በድንጋዩ መካከል ተሽሎክሉኮ ይወርድና ግርጌ ያለችውን መንደር ያጠጣል። በአቅራቢያው ሌላ ውኃ አልነበረም።

ውኃው አንድ፣ ጠጪው ብዙ ስለነበረ የተራራው አውሬዎች ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ሕግ ነበራቸው። «ውኃ ዳር ጥርስ አይገለጥም» ይላል ሕጉ። ምንጩ ያረጠበውን መሬት የረገጠ፣ እርጥቡ ላይ እስካለ ድረስ አይታደንም፣ አይነከስም፣ አይባረርም። ደረቁን ከረገጠ ግን እግሩ ያውጣው። በዚህ ሕግ ድኩላ ከነብር ጎን ቆማ ትጠጣለች፤ ጥንቸልም አንበሳ አጠገብ ቁጭ ብላ ፊቷን ትታጠባለች። ተዋደው ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ፤ ጥማት ነው ያስማማቸው።

አንድ በጋ ላይ ቢያድግልኝ የሚባል ሰው መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አንዲት አህያ እየነዳ ወደ ተራራው ወጣ። ሥራው ከሰል ማክሰል ነው። ወይራውንና ግራሩን ይጥላል፣ ይቆራርጣል፣ ይከምራል፤ ክምሩን ቅጠልና አፈር አልብሶ ውስጥ ውስጡን ያነደዋል። ከሰሉ ሲደርስለት በጆንያ ይሞላና አህያዋ ላይ ጭኖ ወደ ከተማ ይወርዳል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ትርንጎና ልጆቹ ግርጌው መንደር ነው የሚኖሩት፤ የእርሻው መሬት ቢጠበው ነው ወደ ዛፉ የዞረው። ዛፉ ግን የባለ መጥረቢያውን ደግነት ከምን ያውቀዋል? እየተገነደሰ ወደቀ።

ቢያድግልኝ መንገድ ላይ ከአህያዋ ጎን አይለይም። ብቻዋን የሚተዋት አንድ ቦታ ብቻ ነው። እርሱ ክምሩን ሲጠብቅ እሷን ወደ ምንጩ ይለቃታል፤ ምንጩ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሆነ ደግሞ ከክምሩ ዘንድ አይታይም። አህያዋ እርጥቡ ላይ ቆማ እስክትረካ ትጠጣና ወደ ጌታዋ ትመለሳለች፤ እርጥቡ ጨፌ እስከ ጎድጓዳው አፋፍ ስለሚደርስ፣ ደረቁን ስትረግጥ ከጌታዋ ዓይን ሥር ናት።

ይህን አያ ጅቦ አየ። አያ ጅቦ አህያ ሲያይ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። ከእርጥቡ መሬት ጠርዝ ላይ በቂጡ ተቀምጦ ለሀጩን ያዝረከርካል። እርሷ በጠጣች ቁጥር እርሱ ይውጣል። አንድ ቀን መዳፉን ወደ እርጥቡ ሰደድ ሲያደርግ አንበሳ ከወዲያ ማዶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አያ ጅቦም መዳፉን የዝንብ ማባረሪያ አስመስሎ መለሰው።

እመት ቀበሮ ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ስትከታተል ነበር። ቀስ ብላ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ከሳህ?»

«አትጠይቂኝ እመት ቀበሮ። እንዲያ ያለ ሽንጥ፣ እንዲያ ያለ ዳሌ በየቀኑ ፊቴ ይቆማል፤ ሕግ አለ ይሉኛል።»

«ሕጉ የት ላይ ነው ያለው?»

«እርጥቡ መሬት ላይ።»

«እርጥቡስ ከየት መጣ?»

«ከምንጩ ነዋ።»

«ምንጩስ?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደበት ጆሮውን አከከ። «እንጃ» አለ በመጨረሻ።

«ከዛፉ ነው» አለች ቀበሮ። «ዛፉ የክረምቱን ዝናብ ይዞ አፈር ውስጥ ያቆየዋል፤ ምንጩ በጋውን ሙሉ እየቆጠበ ያወጣዋል። ዛፉ ካለቀ ምንጩ ይደርቃል። ምንጩ ከደረቀ እርጥብ መሬት የለም። እርጥብ መሬት ከሌለ ደግሞ…»

«አህያዋ የኔ ናት» አለ አያ ጅቦ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ።

«ገባህ። እንግዲህ ሰውየውን ማንም እንዳይነካብህ። ይቁረጥ።»

ቀበሮ ለአያ ጅቦ አዝና አልነበረም። ደኑ በተመነጠረ ቁጥር የፍልፈሉ ጉድጓድ ሁሉ እየተገለጠላት፣ ሳትደክም ስታጠምድ ትውል ጀምራለች። እንደዚያ ጠግባ አታውቅም። ውኃውስ ሲባል፣ «እኔ ትንሽ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ከቅጠል ላይ ጤዛ እየላስሁ እኖራለሁ» ብላ ለራሷ መልስ ሰጥታለች። ቅጠሉ ሲያልቅ ጤዛው የት እንደሚያርፍ ግን አላሰበችም። ብልጥ ነኝ የሚል እንዲህ ነው፣ ሩቁን አስልቶ የቅርቡን ይረሳል።

ወሩ ሳይጋመስ የተራራው አናት ተራቆተ። ያን ጊዜ አባ ጉሬዛ፣ ያ ነጭ ካባ ትከሻው ላይ የጣለው የዛፍ ላይ ሽማግሌ፣ አውሬዎቹን ሁሉ ምንጩ ዳር ጠራ። አንበሳ ሾላውን ተደግፎ ተቀመጠ። አህያዋም ልትጠጣ መጥታ ስለነበር ዳር ላይ ቆማ ሰማች።

«ጌታዬ፣» አለ አባ ጉሬዛ፣ «ትናንት ያደርሁበት ዛፍ ዛሬ ጭስ ሆኗል። ውኃውም እየሸሸ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እርጥብ የነበረው ዛሬ ተሰነጣጥቋል። እርስዎ ከዚያ ቋጥኝ ላይ ሆነው አንድ ጊዜ ቢያገሡ ሰውየው መጥረቢያውን ጥሎ ይሮጣል። አንድ ጊዜ ብቻ።»

አንበሳ መልስ ከመስጠቱ በፊት አህያዋ ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ጌታዬ፣ ከዚህ በፊት ከሌላ ተራራ ከሰል ተሸክሜአለሁ። ስንጀምር እዚያም ምንጭ ነበር። ስንጨርስ ለሰውየው የሚጠጣውን ውኃ ከታች እየተሸከምሁ የማወጣለት እኔ ነበርሁ። አውሬዎቹ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። አንድም አላየሁም።»

አንበሳ ወደ ቋጥኙ አየ፤ ቀጥሎም ከከሰሉ ክምር ወደሚወጣው ጭስ አየ። እውነቱን ልንገራችሁና አንበሳ እሳት ይፈራል። ንጉሥ ፈራሁ አይልምና ዝም አለ። ቀበሮ ዝምታው ገባት።

«ንጉሥ ከከሰል አክሳይ ጋር ይዳረቃል እንዴ?» አለች ለስለስ ብላ። «ሰውየው አንድ ነው፤ ተራራው ሰፊ ነው። ጥፋተኛ ከተፈለገ ይችው ቆማለች። እሷ ባትሸከምለት ከሰሉን ምን ላይ ይጭነው ነበር?»

«እውነት ነው» አለ አያ ጅቦ። «እሷ ናት።»

አንበሳ መውጫ አገኘ። «ተፈርዷል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አህያ የምትጠጣው ከሁሉም በኋላ፣ ሁሉም ጠጥቶ ሲሄድ ብቻዋን ይሁን።»

አባ ጉሬዛ ወደ ዛፉ እየወጣ፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር» አለ ለራሱ፤ «እዚህ ደግሞ ባለቤቱን ፈርቶ አህያዋን ሆነ።» አንበሳ ሰምቷል፤ ግን እንዳልሰማ ሆነ።

ከዚያ ቀን በኋላ አህያዋ ስትጠጣ ጎድጓዳው ውስጥ ከአያ ጅቦ በስተቀር ማንም አልነበረም።

አባ ጉሬዛ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከዛፍ ላይ ሆኖ ሰውየውን ሲያጠና ነው የከረመው። ቢያድግልኝ ከክምሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ጭስ ስትተፋ ባየ ቁጥር እየሮጠ አፈር ይመርግባታል። ክምሩ ነፋስ ካገኘ እንጨቱ ይነድና ከሰሉ አመድ ይሆናል። አባ ጉሬዛ ይህን ሲረዳ ልቡ ዘለለ። አንድ ክምር አመድ ከሆነበት፣ ሁለተኛውም ከደገመው፣ ሰውየው ይህ ተራራ አይበጀኝም ብሎ ይሄዳል።

አንድ ቀን ቢያድግልኝ ግንድ ሊቆርጥ ራቅ ሲል፣ ጉሬዛዎቹ ከቀረው ዛፍ ላይ ወርደው ደረቱን መሬት አስጠግቶ በሚሄድ ሌባ አካሄድ ወደ ክምሩ ተጠጉ። ከወዲያ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ካቆመ ሰውየው እየተመለሰ ነው ማለት ነው። አባ ጉሬዛ አፈሩን መጫር ጀመረ። ሌሎቹም ጀመሩ። አፈሩ ይፋጃል፤ እጃቸውን እያራገቡ ይጭራሉ። ጭሱ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ቀጥሎ ቀይ ምላስ ብቅ አለ። ትንሽ ቢቆዩ አለቀ።

«ማነው እሱ የሰው ንብረት የሚነካ?» 

አያ ጅቦ ነበር። ከጉቶ ጀርባ ተኝቶ ክምሩን ሲጠብቅ ከርሟል። ጥርሱን አግጥጦ መሐላቸው ገባ። እዚያ ደረቅ መሬት ነው፤ ሕግ የለም። አንዷ ጉሬዛ ጭራዋን ተነክሳ ጮኸች፤ ሌሎቹ ተበታተኑ። አባ ጉሬዛ ከዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ «አንተ ጅል፣ ያ ምንጭ የሁላችንም ነው» አለው።

«አውቃለሁ» አለ አያ ጅቦ፤ ተመልሶም የተከፈተውን ቀዳዳ በኋላ እግሩ አፈር እየጠረገ ደፈነው። ሳይጠነቀቅ በመቀመጡ ቂጡ ተለበለበ፤ ግን አህያዋን እያሰበ ቻለው።

ቢያድግልኝ ሲመለስ የጅብ ዳና ክምሩ ዙሪያ አየ፤ አዲስ የተደፈነውንም ቀዳዳ አየ። ራሱን ነቀነቀ። «ጅብ ከሰል ሲጠብቅልኝ ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ ሳቀና ወደ መጥረቢያው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው አልነበረም። ወይራው አለቀ፤ ግራሩ አለቀ። ሾላው ብቻ፣ እንጨቱ ለከሰል አይረባም ተብሎ ቀረ። ጉሬዛዎቹ አንድ ጠዋት ልጆቻቸውን አዝለው፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ በእግራቸው ወደ ማዶው ገደል ሲሄዱ ታዩ። ከመካከላቸው ስንቱ እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። አባ ጉሬዛ እያንዳንዱን ጉቶ እየዞረ እያየ መጨረሻ ላይ ሄደ።

ምንጩ መጀመሪያ ድምፁ ጠፋ። ቀጥሎ መፍሰሱ ቀርቶ መጠራቀም ብቻ ሆነ። ሰፊው ጨፌ የአንድ ቤት ግቢ አከለ፣ ከዚያ የአንድ አውድማ፣ ከዚያ የአንድ ቁርበት ያህል ሆነ። እርጥቡ በጠበበ ቁጥር አያ ጅቦ ወደፊት ፈቀቅ ይላል። ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉ ነው ወደ ኋላ የሸሸለት። አህያዋ አራት እግሯን አንድ ላይ ሰብስባ፣ ትንፋሹ ጭራዋ ላይ እየሞቃት ትጠጣ ጀመር።

አንድ ቀን ከእርጥቡ ወጥታ ወደ ጌታዋ ስትሮጥ ደረቁ ላይ ጠበቃት። ዘሎ ጭኗን ሊይዝ ሲል በሁለት እግሯ መንጋጋው ላይ አሳረፈችበት። አያ ጅቦ ተገለበጠ። ሲነሳ እሷ ከጎድጓዳው ወጥታ ከክምሩ ዘንድ ደርሳለች።

በማግሥቱ ደግሞ መጣች። ከሰል የተሸከመች አህያ ሳትጠጣ ልትውል አትችልም፤ ሰውየው ደግሞ ሌላ ውኃ አልነበረውም። አያ ጅቦ ያበጠ አፉን እየላሰ ቦታው ላይ ጠበቃት። «ግዴለም» አላት። «እኔ ቸኩለው ቀንድ ከሚነክሱት አይደለሁም። ውኃው ሲያልቅ ጭቃውን ልትልሺ አንገትሽን ታጎነብሻለሽ። ያን ጊዜ እንገናኛለን።»

«አያ ጅቦ፣» አለች አህያዋ ሳትዞር፣ «ውኃው ሲያልቅ አንተስ ምን ትጠጣለህ?»

«ያንቺን ደም» አለ። በመልሱ ተደስቶ ብቻውን ሳቀ።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ ድንጋዩን እንደ ምጣድ አግላዋለች። አንበሳ ጠዋት መጥቶ የምንጩን ጉድጓድ ሲልስ ምላሱ ላይ የቀረው ጭቃ ነበር። ነብርም መጣ፣ ድኩላዋም መጣች፣ ጥንቸሏም። ማንም አልጠጣ፣ ማንም አልሄደ። ተመልሶ ይፈልቅ እንደሆነ ብለው ጉድጓዱን ከበው ቆሙ። ቀትር ላይ ጭቃውም ደርቆ ቅርፊት ሆነ። ያን ጊዜ አህያዋ ከላይ ቁልቁል ስትወርድ ተሰማች። ጠጥተው የሄዱ መስሏት ነበር። መሐላቸው ገብታ ነው ሁሉም ቆመው ያየቻቸው።

አያ ጅቦ ከተቀመጠበት ተነሣ። ከአንበሳ ክንድ ሥር፣ ሁልጊዜ ከሚጠጣበት ቦታ ነበር።

«ጌታዬ፣» አለ፣ ድምፁ በደስታ እየተንቀጠቀጠ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሕጉ የሚሠራው እርጥብ መሬት ላይ ነው፣ አይደለም?»

«ነው» አለ አንበሳ። ድምፁ የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ ይመስል ነበር።

«እስኪ መሬቱን ይንኩት።»

አንበሳ መዳፉን አንሥቶ ምንጩ ይፈልቅበት የነበረው ላይ አሳረፈ። አቧራ ቡን አለ።

«ደርቋል።»

«እንግዲያው ሕጉስ?»

የአንበሳ ዓይን በድኩላዋ ላይ አለፈ፣ በነብሩ ላይ አለፈ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ክንዱ ሥር የቆመውን አየ። ድኩላዋ ሳታስበው አንድ እግሯን ወደ ኋላ ወሰደች።

«ሕጉ የለም» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ይህን ቃል በጋውን ሙሉ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ጀርባውን ለአንበሳ ሰጥቶ ወደ አህያዋ ዞረ። ዕድሜውን በሙሉ በዚያ ምንጭ ዳር ከአንበሳ ጎን ጠጥቷል፤ አንድም ቀን ጀርባውን ጠብቆ አያውቅም። የአንበሳውን መንጋጋ ዘግቶለት የኖረው ያው ሕግ መሆኑ አንድም ቀን አልታሰበውም።

«አህዪት፣ አላልሁሽም ነበር…» አለ።

አልጨረሰውም። የጅብ ሥጋ ለአንበሳ ምን ይረባዋል ትሉ ይሆናል። አንበሳ የፈለገው ሥጋ አልነበረም፤ ተጠምቶ ነበር፤ ቅርቡ የቆመውም አያ ጅቦ ነው።

ከዚያ ጎድጓዳው ሁሉ ተደበላለቀ። ነብሩ ድኩላዋ ላይ ተወረወረ፤ ጥንቸሏ የት እንደገባች አልታየችም። አህያዋ ሸክም እንዳልነካው ውርንጭላ ፈረጠጠች። ወደ ጌታዋም አልሄደችም፤ በወዲያኛው ቁልቁለት ወርዳ በዚያው ጠፋች። ቀበሮ ግርግሩን ከሩቅ እያየች ነበር። ልትሸሽ ስትል የምትደበቅበት አንድ ቁጥቋጦ አጣች። ብልጠትም መደበቂያ ይፈልጋል። አንድ ንስር ከላይ ሲያንዣብብ፣ በዚያ ራቁት ተራራ ላይ የምትንቀሳቀሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ቢያድግልኝ አህያዋን ሲያፏጭላት ቆይቶ፣ ስትዘገይበት ጀሪካኑን ይዞ ወደ ጎድጓዳው ወረደ። አውሬዎቹ ሄደዋል። ደምና ፀጉር አየ፤ የአህያ ዳናም አየ፤ «ጅቡ በላት» አለ። ከዚያ ጀሪካኑን ሊሞላ አጎነበሰ። ጉድጓዱን በእጁ ጫረው፣ ደግሞ ጫረው፣ ክንዱ እስኪገባ ቆፈረ። ያገኘው ደረቅ አፈር ብቻ ነበር።

«ምነው፣ ትናንት ነበረ እኮ» አለ።

አህያ የለችምና የመጨረሻውን ጆንያ በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ወረደ። እግረ መንገዱን ውኃው ይወርድበት የነበረውን ቦይ ተከትሎ ሄደ፤ ቦዩ ውስጥ ድንጋዮቹ ነጭ ሆነው ተሰልፈዋል። መንደሩ መግቢያ ላይ ሴቶች ባዶ እንስራቸውን መሬት አስቀምጠው ቆመዋል፤ ትርንጎም ከነሱ ጋር ናት። ትንሹ ልጅ ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

ቢያድግልኝ ጆንያውን ከጀርባው አወረደ። ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ላቡ እንኳ አልወረደም፣ ደርቆበታል።

«ትርንጎ፣ እባክሽ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ፤ የምጠጣው ስጪኝ» አላት።

ትርንጎ ባዶውን እንስራ አየች። ተራራውን ቀና ብላ አየች፤ ከሾላው በቀር አንድ ዛፍ የለበትም። ከዚያ ጆንያውን አየች። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም።

«ይኸው ያመጣኸው» አለችው። «ፍታውና ለልጁም አጠጣው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ለመጉዳት ወይም የዕለት ጉድለትን ለመሙላት ሲባል ደን ሲጨፈጨፍ ያገዘም ሆነ አይቶ ዝም ያለ፣ የሚያደርቀው የጋራውን ምንጭ በመሆኑ በመጨረሻ የሚጠማው ራሱ መሆኑን ነው።